የሌጦ ደረጃ በካሜራ ዓይን
እንከን ፈላጊ ማሽኖች ወደ ቆዳ ንግድ እየገቡ ነው፤ የማለፊያ ነጥቡን የሚቆርጠው ማን እንደሆነ ግን ነጋዴው ከወዲሁ ሊጠይቅ ይገባል

በበግና በፍየል ሌጦ ንግድ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ዋጋ የሚቆርጠው ዓይን ነው። በስፋትም በውፍረትም እኩል ከሆኑ ሁለት የበግ ሌጦዎች አንዱ አንደኛ ደረጃ ሲያገኝ፣ ሌላው ነጋዴው «ሪጀክት» ከሚለው ክምር ላይ ሊጣል ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው በገጹ ላይ ያለች የጥቂት ሚሊ ሜትር ጠባሳ፣ የቢላ ጭረት ወይም እንደ ሽፍታ የተበተነ የእከክ ምልክት ነው። ይህችን ምልክት አይቶ ደረጃውን የሚናገረው ደግሞ በቆዳ ፋብሪካው የመደቢያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቆም፣ ለዓመታት በልምድ የሠለጠነ ደረጃ መዳቢ ነው።

ይህ የዓይን ሥራ በዓለም ዙሪያ ቀስ በቀስ ወደ ካሜራና ወደ ኮምፒዩተር እየተላለፈ ይገኛል። በብረት፣ በመስታወት፣ በጨርቃ ጨርቅና በወረቀት ፋብሪካዎች የገጽ እንከንን በካሜራ መፈለግ ከተለመደ ቆይቷል። ቆዳም ተራው ደርሶታል። ማይንድሃይቭ ግሎባል የተባለው የኒውዚላንድ ኩባንያ የለፋ ቆዳን በካሜራ እያየ ደረጃ የሚያወጣ ማሽን ለገበያ አቅርቧል። ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘዴ ማሽን ለርኒንግ ይባላል፤ ኮምፒዩተሩ በሰው ከተጻፈለት ደንብ ይልቅ ከምሳሌዎች የሚማርበት መንገድ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ሲታይ የኢንጂነሮች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁንና ደረጃ ማለት ዋጋ በሆነበት ንግድ ውስጥ፣ ደረጃ የሚያወጣ ማሽን ዋጋ የሚቆርጥ ማሽን ነው። በመሆኑም ሌጦ ሰብሳቢው፣ ደላላው፣ የፋብሪካ ባለቤቱና በዘርፉ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት ማሽኑ እንዴት እንደሚያይ፣ የት ላይ እንደሚሳሳትና የስህተቱ ሒሳብ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ማወቁ ይጠቅማቸዋል።

ከደንብ ወደ ምሳሌ

ኮምፒዩተር እንከን እንዲፈልግ ማድረግ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በቀድሞው አሠራር ኢንጂነሩ ደንብ ይጽፋል፤ «ከዚህ ይበልጥ የጠቆረ፣ ከዚህ ይበልጥ የረዘመ መስመር ካየህ ዕቃውን ለይ» ይላል። ዘዴው ሁልጊዜ አንድ መልክ ላለው ዕቃ፣ ለምሳሌ ለመስታወት ጠርሙስ ወይም ለተወለወለ ብረት፣ ጥሩ ይሠራል። በቆዳ ላይ ግን ቶሎ ይደናገራል። ምክንያቱም ጤነኛ ቆዳ ራሱ የጠጉር ቀዳዳ፣ የደም ሥር አሻራ፣ የአንገት መጨማደድና የቀለም መለዋወጥ አለው። አንድ ደንብ እነዚህን ሁሉ ከእንከን ለይቶ ሊጨርስ አይችልም።

ማሽን ለርኒንግ መንገዱን ይገለብጠዋል። ለኮምፒዩተሩ ብዙ ፎቶግራፎች ይቀርቡለታል፤ በእያንዳንዱ ላይም ባለሙያ እንከኑ ያለበትን ቦታና ዓይነቱን ምልክት አድርጎበታል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ በግምት ይመልሳል። መልሱ ከባለሙያው ምልክት ጋር ይነጻጸርና የተሳሳተው መጠን በውስጡ ያሉትን ቁጥሮች በጥቂቱ ያስተካክላል። ፊደል የሚቆጥር ልጅ የኔታ ባረሙት ቁጥር «ሀ»ን ከ«ሐ» መለየት እንደሚለምድ ሁሉ፣ ይህም ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ፕሮግራሙ ጭረትን ከደም ሥር መለየት ይጀምራል።

ዘዴው ከላቦራቶሪ ወጥቶ የታመነው በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፈረንሳዊው ያን ለኩንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የእጅ ጽሑፍ ቁጥሮችን የሚያነብ መረብ ሠርተው ለባንክ ቼክ ንባብ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የመጡት አሌክስ ክሪዤቭስኪ፣ ኢልያ ሱትስኬቨርና ጂኦፍሪ ሂንተን ኢሜጅኔት በተባለው የፎቶግራፍ መለየት ውድድር ላይ የስህተት መጠናቸውን ወደ 15.3 በመቶ አወረዱ። ሁለተኛ የወጣው ተወዳዳሪ ስህተት 26.2 በመቶ ነበር። ይህ ሰፊ ልዩነት የኢንዱስትሪውን ዓይን ከፈተ።

ገንዘቡም ተከተለ። ለፋብሪካ የሚሆኑ የማሽን ዓይኖችን የሚሠራው የአሜሪካው ኮግኔክስ እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊዘርላንዱን ቪዲ ሲስተምስ፣ በ2019 ደግሞ የደቡብ ኮሪያውን ሱዋላብ በ195 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የስዊድኑ አትላስ ኮፕኮ በገጽ ምርመራ የታወቀውን የጀርመን ኢስራ ቪዥን እ.ኤ.አ. በ2020 በ1.1 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ጠቀለለ። የሩሲያው ብረት አምራች ሰቨርስታል በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ12 ሺህ የሚበልጡ የብረት ዝርግ ፎቶግራፎችን ለውድድር አቅርቦ፣ አራት ዓይነት የገጽ እንከኖችን አሳምሮ ለሚለይ ፕሮግራም 120 ሺህ ዶላር ሽልማት አዘጋጀ። እነዚህ ኩባንያዎች ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ካሜራ ርካሽ ስለሆነ አይደለም። አንድ ጥቅል ብረት ወይም አንድ ጭነት ቆዳ ከደንበኛ ዘንድ ተመልሶ ሲመጣ የሚያስከትለው ኪሳራ ስለሚበልጥ ነው።

ብርሃኑ የሥራው ግማሽ ነው

መርካቶ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ጣቃውን ከሱቁ አውጥቶ በፀሐይ የሚያየው ያለ ምክንያት አይደለም። በማሽንም ዘንድ ነገሩ ያው ነው። ብርሃን ከጎን ዝቅ ብሎ ሲመታ ጭረትና ጉድጓድ ጥላ ይጥላሉ፤ ብርሃን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲፈስ ደግሞ የቀለም ጉድለትና እድፍ ጎልቶ ይወጣል። በአንዱ ብርሃን የታየ በሌላው ሊሰወር ይችላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ማሽኖች አንዱን ገጽ በተለያየ ብርሃን ደጋግመው ያነሱታል። ብርሃኑ የተበላሸበትን ፎቶግራፍ ምንም ዓይነት ፕሮግራም አያድነውም።

ሁለተኛው ጉዳይ የምስሉ ጥራት ነው። አንድ ሜትር ስፋት ባለው መተላለፊያ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች እንከን ትታይ ዘንድ፣ በእንከኗ ላይ ቢያንስ ሦስት የምስል ነጥቦች ሊያርፉ ይገባል ቢባል፣ በስፋቱ ላይ 6 ሺህ ነጥቦች ያስፈልጋሉ። 8 ሺህ ነጥብ የሚያነቡ ካሜራዎች በገበያ ላይ ስላሉ ይህ አያስቸግርም። የሌጦው ርዝመት 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ሙሉ ምስሉ ወደ 29 ሚሊዮን ነጥቦች ይሆናል። ፕሮግራሙ ይህን በአንድ ጊዜ ስለማይውጠው በጎንና በጎን 256 ነጥብ ወዳላቸው ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍለዋል። አንዱ ሌጦ ከ400 በላይ ካሬዎች ይወጣዋል።

ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ስሌት እዚህ ላይ አለ። ማሽኑ በእያንዳንዱ ካሬ ላይ ጤነኛውን እንከን አለበት ብሎ የሚሳሳተው ከሺህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው እንበል። በካሬ ደረጃ ይህ ድንቅ ውጤት ነው። ነገር ግን አንድ ሌጦ 440 ያህል ካሬዎች ካሉት፣ ከነዚህ ቢያንስ በአንዱ ላይ የሐሰት ደወል የመደወሉ ዕድል 35 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ማለትም አንዲት የተጠረጠረች ካሬ ሌጦውን ሁሉ የምታወርድ ከሆነ፣ ከሦስት ንጹሕ ሌጦዎች አንዱ ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። ስለዚህ የማሽን ሻጭ «ከሺህ አንድ ብቻ ይሳሳታል» ሲል፣ ገዢው «ከሺህ ካሬ ነው ወይስ ከሺህ ሌጦ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ጥሩውን ብቻ የሚያውቅ ማሽን

የእንከን ፎቶግራፍ እንደ ልብ አይገኝም። ደህና በሚሠራ ፋብሪካ አብዛኛው ዕቃ ጤነኛ ነው፤ አንዳንዱ እንከን ደግሞ በወራት አንዴ ብቻ ይታያል። በዚህ ምክንያት ባለፉት ዓመታት ሌላ ዘዴ ሰፍቷል። ማሽኑ ጤነኛውን ዕቃ ብቻ እያየ ይማርና፣ ከለመደው የተለየ ነገር ሲያጋጥመው ይጠቁማል። እንከኑን በስም አያውቀውም፤ እንግዳ መሆኑን ግን ይናገራል።

ለዚህ ዘዴ መለኪያ ከሆኑት የፎቶግራፍ ስብስቦች አንዱን ሙኒክ የሚገኘው ኤምቪቴክ እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥቷል። ስብስቡ በ15 የዕቃ ዓይነቶች የተከፈሉ 5,354 ፎቶግራፎች ያሉት ሲሆን፣ ከ15ቱ አንዱ ቆዳ ነው። ለማስተማሪያ 245 የጤነኛ ቆዳ ፎቶግራፎች፣ ለመፈተኛ ደግሞ 32 ጤነኛና 92 እንከን ያለባቸው ቀርበዋል። ዛሬ ያሉት ጥሩ ፕሮግራሞች በዚህ የቆዳ ፈተና ላይ ከሞላ ጎደል ፍጹም ውጤት ያመጣሉ። የማሽን ሻጮች የማስታወቂያ ወረቀት ላይ ከ99 በላይ የሆነ ቁጥር ሲታይ ብዙውን ጊዜ ምንጩ እንዲህ ያለ ፈተና ነው።

ይሁንና በፈተናው ውስጥ ያሉት የቆዳ እንከኖች አምስት ናቸው፦ የቀለም እድፍ፣ መቆረጥ፣ መታጠፍ፣ የሙጫ ጠብታና መበሳት። ሁሉም አንድ ወጥ በሆነ፣ ባለቀለትና በጥሩ ብርሃን በተነሳ ቆዳ ላይ የተደረጉ ናቸው። ከመካከላቸው እከክ የለም። በገፈፋ ጊዜ የደረሰ የቢላ ጉዳት የለም። ጨው ዘግይቶበት የበሰበሰ ሌጦም የለም። «ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንደሚባለው፣ በሙኒክ ፎቶግራፍ ላይ ያማረው ቁጥር በሞጆ የመደቢያ ጠረጴዛ ላይ ይደገማል ብሎ ማመን አይቻልም።

እከክን ያላየ ዓይን

የኢትዮጵያ የደጋ በግ ሌጦ በቀጭንነቱና በጥንካሬው ለጓንት ቆዳ ተፈላጊ ሆኖ የቆየ ነው። የዚሁ ሌጦ ትልቁ ጠላት ደግሞ እከክ ነው። መነሻው ቅማልና የበግ ደም የሚመጥ ክንፍ የለሽ ዝንብ ሲሆኑ፣ ተባዮቹ በቀዝቃዛው ደጋ ይበረታሉ። ንክሻቸው በቆዳው ውስጥ የሚያስከትለው ቁጣ በገጹ ላይ የተበተኑ ትንንሽ ነጠብጣቦችን ይተዋል። በኒውዚላንድ «ኮክል» የሚባለው ተመሳሳይ እንከንም ከበግ ቅማል ጋር የተያያዘ መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል።

ለንግዱ አስቸጋሪ የሚያደርገው እከክ ጠጉር ባለበት ሌጦ ላይ ተደብቆ መቆየቱ ነው። ምልክቱ የሚገለጠው ጠጉሩ ከወረደ በኋላ፣ በፒክልና በዌት ብሉ ደረጃ ላይ ሲሆን፣ ቀለም ሲገባ ደግሞ ይበልጥ ይጎላል። በዚያን ጊዜ አርቢው ገንዘቡን ወስዷል፤ ሰብሳቢው ሸጧል፤ ደላላውም ድርሻውን አግኝቷል። ጉዳቱ በፋብሪካው ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጥሬና በከፊል የለፋ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ በሚላክበት ጊዜ 150 በመቶ ታክስ እንዲከፈልበት ሲወሰን፣ ፋብሪካዎች ሌጦውን በአገር ውስጥ ወደ ኋለኛው የምርት ደረጃ እንዲያደርሱ ተገፋፉ። ከዚህ ጋር እከኩ ሲገለጥ የሚደርሰውን ኪሳራም ይበልጥ የሚሸከሙት እነሱ ሆኑ።

ጠጉር ያለበትን ሌጦ ካሜራም ቢያየው እከኩን አያገኘውም። ስለዚህ በየገበያው ሌጦ የሚገዛ ሰብሳቢ ነገ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ደረጃውን ያውቃል የሚለው ተስፋ ለዚህ እንከን አይሠራም። የማሽኑ ትክክለኛ ቦታ ከፋብሪካው ውስጥ፣ ጠጉሩ ከወረደ በኋላ ነው። እዚያም ቢሆን በውጭ አገር ቆዳ ብቻ የተማረ ማሽን ሁለት ዓይነት ስህተት ሊሠራ ይችላል። ነጠብጣቡን የቆዳው ተፈጥሮ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ አለዚያም ያልለመደው ነገር ስለሆነበት የደጋውን ሌጦ በጅምላ ይጥለዋል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለአገር ውስጥ ፋብሪካ መጥፎ ዜና አይደለም። የማሽኑ ጥሬ ዕቃ በትክክል የተመደበ የሌጦ ፎቶግራፍ ነው፤ ይህም ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ ነገር አይደለም። እከክ ያለበት ሌጦ በየቀኑ በእጁ የሚያልፍ፣ ደረጃውንም የሚያውቁ መዳቢዎች ያሉት ፋብሪካ ከየትኛውም የሶፍትዌር ኩባንያ የበለጠ ሀብት ይዟል። ፎቶግራፉንና የመዳቢውን ምልክት ለማሽን ሻጭ በነፃ አሳልፎ የሚሰጥ ፋብሪካ፣ የራሱን ዕውቀት መልሶ በውድ እንዲገዛ ራሱን እያዘጋጀ ነው።

«99 በመቶ ትክክል» ሲባል

በዚህ ንግድ ውስጥ እንደ «ትክክለኛነት» የሚያታልል ቃል የለም። ከ100 ዕቃዎች አንዱ ብቻ እንከን ባለበት መሥመር ላይ፣ ሁሉንም «ጤነኛ ነው» እያለ የሚያሳልፍ የተኛ ማሽን 99 በመቶ ትክክል ነው። አንዲቷን እንከን ግን አላገኘም። ስለሆነም ሊጠየቁ የሚገባቸው ቁጥሮች ሁለት ናቸው። ማሽኑ እንከን ካለባቸው መካከል ስንቱን ያዘ? ከጤነኞቹስ መካከል ስንቱን ያለ ጥፋቱ ጣለ?

ለምሳሌ ያህል 10 ሺህ ሌጦዎች ቀርበው 1 ሺህ የሚሆኑት ደረጃ የሚያወርድ እንከን አለባቸው እንበል። የተቀሩት 9 ሺህ ጤነኞች ናቸው። ማሽኑ ያለ አግባብ የጣለው እያንዳንዱ ሌጦ ሻጩን 40 ብር፣ ሳይይዘው ያለፈው እያንዳንዱ እንከን ደግሞ ገዢውን 200 ብር ያስከፍላል ብለን እናስላ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው።

ማሽኑ ለዘብ ብሎ ቢሞላ፣ ከእንከኖቹ 90 በመቶ ይይዛል፤ ከጤነኞቹ 2 በመቶ ይጥላል። 100 እንከኖች ያመልጣሉ፤ 180 ጤነኞች ይወድቃሉ። ሻጩ 7,200 ብር፣ ገዢው 20,000 ብር ይከስራሉ።

በመካከለኛ ሁኔታ ቢሞላ፣ 95 በመቶ ይይዛል፤ 5 በመቶ ይጥላል። 50 እንከኖች ያመልጣሉ፤ 450 ጤነኞች ይወድቃሉ። ሻጩ 18,000 ብር፣ ገዢው 10,000 ብር ይከስራሉ።

ጠብቆ ቢሞላ፣ 99 በመቶ ይይዛል፤ 15 በመቶ ይጥላል። 10 እንከኖች ብቻ ያመልጣሉ፤ 1,350 ጤነኞች ግን ይወድቃሉ። ሻጩ 54,000 ብር፣ ገዢው 2,000 ብር ይከስራሉ።

የማለፊያ ነጥቡ በማን እጅ ነው?

ከላይ በተጠቀሱት ሦስት ሁኔታዎች ውስጥ ማሽኑ አንድና ያው ነው። ካሜራው አልተለወጠም፤ ፕሮግራሙም አልተለወጠም። የተለወጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ሌጦ የጥርጣሬ ነጥብ ይሰጣል፤ ከስንት ነጥብ በላይ ያለው ይውደቅ የሚለውን ግን የሚወስነው ሰው ነው። በትምህርት ቤት የማለፊያ ነጥብ ከፍና ዝቅ ሲል የሚያልፈው ተማሪ ቁጥር እንደሚለዋወጥ ሁሉ፣ እዚህም የአንደኛ ደረጃ ሌጦ ቁጥር ይለዋወጣል።

ማሽኑን የያዘው ገዢው ከሆነ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያዳግትም። እንዲያውም ለገዢው ጥቅሙ እጥፍ ነው። ያለ ጥፋቱ የወረደው ሌጦ አይጣልም፤ በዝቅተኛው ደረጃ ዋጋ ተገዝቶ እንደ ጥሩ ሌጦ ይሠራበታል። ሻጩ ያጣው 40 ብር የጠፋ ገንዘብ ሳይሆን ኪስ የለወጠ ገንዘብ ነው።

ይህ ጠብ በሰው መዳቢም ዘመን ያለ ነው። ሻጭና ገዢ በጠረጴዛው ዙሪያ ቆመው ሲከራከሩ መዋላቸው አዲስ አይደለም። ነገር ግን ከሰው ጋር ሲከራከሩ ሌጦውን አንስቶ «ይኼ የቱ ጋ ነው እከክ?» ማለት ይቻላል። ማሽን ቁጥር አውጥቶ ዝም ሲል፣ ቁጥሩ ከሰው አድልዎ የጸዳ ይመስላል፤ ሻጩም አፉን ይይዛል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የማሽኑ ቁጥር የተማረበት የመዳቢው ዓይንና የተሞላበት የማለፊያ ነጥብ ውጤት እንጂ ከሰማይ የወረደ ፍርድ አይደለም።

መፍትሔው ማሽኑን መጥላት አይሆንም። እንዲያውም የማሽን ውሳኔ ከሰው ውሳኔ ይልቅ ለመመርመር ይመቻል፤ ፎቶግራፉ ይቀመጣል፤ የተጠረጠረው ቦታ በምልክት ይታያል፤ ያው ሌጦ ነገም ቢቀርብ ያው ነጥብ ሊሰጠው ይችላል። የሚያስፈልገው የማለፊያ ነጥቡ በውሉ ላይ እንዲጻፍ፣ ያለ ሁለቱ ወገኖች ስምምነት እንዳይነካ፣ ሻጩም የወደቁበትን ሌጦዎች ፎቶግራፍ የማየትና የተወሰኑትን በሰው ዓይን የማስፈተሽ መብት እንዲኖረው ነው።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት

ማሽን ለመግዛት ወይም በማሽን ደረጃ ለመሸጥ የሚዋዋል ነጋዴ ጥቂት ነገሮችን ቢያጣራ ከብዙ ጸጸት ይድናል።

አንደኛ፣ መዳቢዎቹ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ ወይ? ሦስት መዳቢዎች ሳይነጋገሩ 200 ሌጦዎችን ይመድቡ፤ ከሳምንት በኋላም ያንኑ ይድገሙ። መዳቢዎቹ ከአምስት አንዱ ላይ የማይስማሙ ከሆነ፣ ከእነሱ የሚማረው ማሽን ከዚያ የበለጠ ጥራት ይኖረዋል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ይህ ፈተና ካሜራም ኮምፒዩተርም ሳይገዛ የሚሠራ ሲሆን፣ ብቻውንም ቢሆን ብዙ ያስተምራል።

ሁለተኛ፣ ፈተናው በማን ሌጦ ላይ ተደረገ? ማሽኑ አይቷቸው በማያውቃቸው፣ ከተለያዩ አካባቢዎችና ከተለያዩ ወቅቶች በመጡ የገዢው ሌጦዎች ላይ መፈተን አለበት። የተማረበትን መልሶ የሚፈተን ማሽን፣ ጥያቄውን አስቀድሞ እንዳየ ተማሪ ነው።

ሦስተኛ፣ እንከኑን በዓይነት ይለያል ወይ? ጠርዝ ላይ ያለ የቢላ ጉዳትና መሀል ጀርባ ላይ ያለ ጠባሳ ለቆራጩ እኩል አይደሉም። የጫማና የጓንት ሠራተኛ የጠርዙን ጉዳት አልፎ ሊቆርጥ ይችላል፤ የመሀሉን ግን አያልፈውም። «እንከን አለ» ብቻ የሚል ማሽን ለዋጋ ድርድር አይበቃም። የእንከኑ ቦታ ከታወቀ ግን ጥቅሙ ደረጃ በማውጣት አያበቃም፤ ቆዳው ያለ ብክነት እንዲቆረጥም ይረዳል።

አራተኛ፣ ፎቶግራፎቹና ምልክቶቹ የማን ንብረት ናቸው? ይህ በውሉ ውስጥ በግልጽ መስፈር አለበት።

አምስተኛ፣ መሣሪያው ሲደክም ማን ያየዋል? አምፖል ይደበዝዛል፤ ሌንስ ይቆሽሻል፤ የቀለም ኬሚካል ይለወጣል። በየጠዋቱ ደረጃቸው አስቀድሞ በሚታወቅ ጥቂት ሌጦዎች የማይፈተሽ ማሽን፣ እንደ ያልተፈተሸ ሚዛን ቀስ በቀስ ይዋሻል።

ማሽኑ የማይፈታው

እንከንን ማየት እንከንን ማዳን አይደለም። በቅርብ ዓመታት በበዓላት ማግሥት ሌጦ ገዢ አጥቶ በየመንገዱ ሲጣል ታይቷል። ከ1826 ጀምሮ በእንግሊዝ የሠራውና ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ የበግ ሌጦ ደንበኛ የነበረው ፒታርድስም እ.ኤ.አ. በ2023 የገንዘብ ችግር ገጥሞት የእንግሊዝ ፋብሪካውን ዘግቷል። ገዢ የሌለውን ሌጦ ካሜራ ዋጋ አይሰጠውም፤ ጨው የዘገየበትን ሌጦም ፕሮግራም አያድነውም።

ማሽኑ እውነተኛ ጥቅም የሚሰጥበት መንገድ ግን አለ። ይኸውም ዜናውን ወደ ኋላ፣ ወደ አርቢው ማድረስ ነው። እከክ መድኃኒት ያለው ነገር ነው፤ በጎቹ ለተባይ ሲታከሙ ቆዳቸው እየዳነ ይሄዳል። አርቢው ግን ለመድኃኒቱ የሚያወጣው ገንዘብ በሌጦው ዋጋ ካልተመለሰለት ለምን ያክማል? ዛሬ ንጹሕ ሌጦ ያመጣውም እከካም ሌጦ ያመጣውም በአንድ ክምር ስለሚገቡ፣ ፋብሪካው የአማካዩን ዋጋ ይከፍላል፤ የአማካይ ዋጋ ደግሞ ጎበዙን አርቢ ይቀጣል።

በሌጦው ጠርዝ ላይ በቀዳዳ የሚታተም ቁጥር በማልፋት ሂደት ውስጥ ሳይጠፋ ሊዘልቅ ይችላል። ሌጦው ከየትኛው ወረዳ፣ ከየትኛው ሰብሳቢ እንደመጣ በቁጥሩ ከታወቀና ማሽኑም ከሳምንታት በኋላ የእከኩን መጠን ከመዘገበ፣ ፋብሪካው በሚቀጥለው ግዢ ንጹሕ ሌጦ ለሚያመጣው ጭማሪ መክፈል ይችላል። ያን ጊዜ ሰብሳቢው አርቢውን «በጎችህን አሳክም» የሚልበት ምክንያት ያገኛል።

የውጭ ገዢ ማሽኑን ቀድሞ ቢያስገባና የአገር ውስጥ ሻጭ የራሱ መዝገብ ባይኖረው፣ ድርድሩ አንድ ወገን ሚዛን ይዞ ሌላው ባዶ እጁን የሚቀርብበት ይሆናል። ስለዚህ ለፋብሪካዎችና ለነጋዴዎች ማኅበራት የመጀመሪያው ወጪ ውድ ማሽን መግዛት አይደለም። አንድ ደህና ካሜራ፣ ሁልጊዜ የማይለዋወጥ ብርሃን፣ የሌጦ ቁጥርና የመዳቢውን ፍርድ የሚመዘግብ ሠራተኛ በቂ መነሻ ናቸው። በየቀኑ የሚጠራቀመው ይህ መዝገብ ነገ ለሚመጣው ማሽን መማሪያ፣ ለሚነሳው ክርክርም ማስረጃ ይሆናል።